የምርምር ድጋፍ ማመልከቻ፦ ሦስተኛው አንቀጽ ገና አልተቋጨም

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ሁለተኛው ረቂቅ ደርሷችኋል። ያልተስማማንበት ሦስተኛው አንቀጽ ብቻ ነው። የምንጠይቀው ገንዘብ እንቅስቃሴን የሚያውከውን የአንጎል ሕመም፣ የፓርኪንሰን በሽታን፣ መንስኤ ለመመርመር ይዋል ወይስ ለሕክምናው? እስካሁን የቀረበው ሐሳብ ለአምስት ጥናቶች እኩል ማካፈል ነው።

አስታማሚ አባል፦ ለአምስት መክፈሉን አልደግፍም። ጥቂት ገንዘብ ሲበታተን አንዱም ጥናት ዳር አይደርስም። ባለቤቴ ጠዋት ሌቮዶፓ ከዋጠ በኋላ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል። ቀጣዩ የመዋጫ ሰዓት ሳይደርስ ግን መድኃኒቱ ይከዳዋል፤ በር ላይ ሲደርስ እግሩ ከወለሉ ጋር የተሰፋ ይመስል ቀጥ ይላል። ነጭ ክር ከፊቱ ስዘረጋለት ተሻግሮት ያልፋል። ሌቮዶፓ ውጤታማነቱ በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ዛሬም ዋናው መድኃኒት እሱው ነው። እንቅስቃሴን የሚመራውንና በበሽታው የጎደለውን የአንጎል ኬሚካል፣ ዶፓሚንን፣ ይተካል እንጂ ዶፓሚን የሚያመነጩትን የነርቭ ሴሎች ሞት አያስቆምም። ሴሎቹ ለምን እንደሚሞቱ ሳናውቅ እንዴት እናስቆመዋለን? መንስኤና ሕክምና ብለን ለሁለት መከፈላችን ራሱ አልተዋጠልኝም።

ጡረታ የወጡ የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እህታችን ባሉት እስማማለሁ። በሽታው የሚጀምረው እጅ በተንቀጠቀጠበት ቀን አይደለም። ማሽተት አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ በሕልም መሐል መጮህና መራገጥ ብዙ ጊዜ በዓመታት ይቀድሙታል። እ.ኤ.አ. በ1997 አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን በታማሚዎች የአንጎል ሴሎች ውስጥ ተጠራቅሞ እንደሚገኝ ታወቀ። ዛሬ የተበላሸውን ፕሮቲን ከአከርካሪ ፈሳሽ የሚለይ ምርመራ አለ፤ መንቀጥቀጡ ሳይጀምር የተገኘባቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ገንዘባችን እንዲህ ያሉትን ሰዎች ለረጅም ዓመታት ለሚከታተል አንድ ጥናት ይሁን። ናሙናው ደግሞ ከአንድ የዓለም ክፍል ብቻ አይወሰድ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ጂቢኤ1 በተባለው ጂን ላይ የተገኘው፣ ለበሽታው ይበልጥ የሚያጋልጥ ለውጥ፣ አብዛኛው ጥናት በአውሮፓውያን ላይ ያተኮረ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ነበር።

ታማሚ አባል፦ ክትትሉን እደግፋለሁ፤ የዛሬው ታማሚ ግን አይዘንጋ። ሐኪም ሲያየኝ ትኩረቱ እጄ ላይ ነው። እኔን የሚያሠቃየኝ ሌሊት አልጋ ላይ መገላበጥ አለመቻሌ ነው። ምን እንደሚለካ ሲወሰን እኛም እንጠየቅ።

ጸሐፊ፦ አንቀጹን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ድጋፉ በሙሉ ቢያንስ አሥር ዓመት ለሚዘልቅ አንድ የክትትል ጥናት ይውላል። ተሳታፊዎች ከተለያዩ ሕዝቦች ይመረጣሉ። ታማሚዎችና አስታማሚዎች መድኃኒቱ የሚከዳበትን ሰዓትና የሌሊቱን ሁኔታ ይመዘግባሉ፤ መዝገቡም ከዋና መለኪያዎች አንዱ ይሆናል።» ከሞት በኋላ አንጎልን ለምርምር ስለ መለገስ ግን ከቤተሰቦች ጋር ሳንነጋገር ምንም አልጽፍም።

አስታማሚ አባል፦ የባለቤቴን የመድኃኒት ሰዓት በደብተር መመዝገብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ለመዝገቡ ቅጽ ማዘጋጃ የሚረዳ ከሆነ ገጾቹን ዛሬ ማታ ፎቶ አነሣና እልካለሁ።