ሦስት ዓመት እስኪሞላው ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ልጀምር?

የሐዋሳዋ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 2 ዓመት ከ5 ወሩ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው «ውሃ»፣ «ማማ»፣ «እንካ» ይል ነበር፤ አሁን አንዱንም አይልም። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፤ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ከጓዳ ሮጦ ይመጣል። የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም፣ እጄን ይዞ ይጎትተኛል። የድስት ክዳን ሲያሽከረክር ቢውል አይሰለቸውም። ሐኪሙ «ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል፣ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ጠብቂ» አለኝ። አማቴም «አባቱም እንዲሁ ነበር» ይላሉ። እኔ በአማርኛ፣ የአባቱ ወገን በሲዳምኛ ነው የምናናግረው፤ ወደ አንድ ቋንቋ እንመለስ? ምን ትመክሩኛላችሁ?

አጎት፦
እህቴ፣ አትጨነቂ። የወንድሜ ልጅ እስከ አራት ዓመቱ ዝም ብሎ ቆይቶ ዛሬ ዝም በል ቢሉት እሺ አይልም። ልጅ በራሱ ጊዜ ነው።

መምህርቷ፦
የወንድምዎ ልጅ እሰየው። እሱ ግን ቃል ዘገየበት እንጂ የያዘው ቃል አልጠፋበትም። የነበረ ቃል ሲጠፋ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ይመረመራል እንጂ አይጠበቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ኦቲዝም፣ ማለትም የልጁን ንግግርና ከሰው ጋር መግባባት የሚነካ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት፣ ካለባቸው ልጆች ጋር እሠራለሁ፤ «ጠብቂ» የተባሉ እናቶች ልጁ አምስትና ስድስት ዓመት ካለፈው በኋላ ሲመጡ እያየሁ ይህ ምክር ያንገበግበኛል።

እህቴ፣ ሳላየው ኦቲዝም ነው ብዬ አልፈርድም። ለመጀመር ግን የሕመሙ ስም እስኪታወቅ መቆየት አያስፈልግም። በቅድሚያ ጆሮውን አስመርምሪ፤ የላስቲክ ድምፅ መስማቱ የንግግርን ድምፅ ሁሉ ይሰማል ማለት አይደለም። ኤም-ቻት የሚባል፣ ወላጅ አዎ ወይም አይ እያለ የሚመልሰው፣ የኦቲዝምን ምልክት የሚለይ የ20 ጥያቄ መጠይቅም አለ። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነው፤ ያንቺው 29 ወሩ ስለሆነ የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ቶሎ ይሞላለት። ውጤቱ ቀጣዩን ምርመራ ያመለክታል እንጂ ብቻውን ፍርድ አይደለም።

የቤቱን ሥራ ግን ዛሬ ማታ ጀምሪ። ብስኩቱን ሙሉውን አትስጪው። ቆራርሰሽ በሚያየው፣ እጁ ግን በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪ። እጅሽን ሲጎትት ተከተዪው፤ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ፊትሽን ከፊቱ ትክክል አድርጊና ቁራሹን በጉንጭሽ አጠገብ ይዘሽ ጥቂት ታገሺ። ቀና ብሎ ቢያይሽ፣ እጁን ቢዘረጋ፣ ማንኛውንም ድምፅ ቢያወጣ ያን ጊዜውኑ «ብስኩት!» ብለሽ ስጪው። አንድ ቃል ይበቃል። «ብስኩት በል፣ በል እንጂ፣ ለእማዬ በል» እያሉ መወትወት ልጁን ያሸሻል። እስኪያለቅስ አታቆዪው፤ አገጩን ይዘሽም ፊቱን አታዙሪ።

ክዳኑን አትንጠቂው። ሌላ ክዳን ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪና አብረሽው አሽከርክሪ። ከዚያ ያንቺን ድንገት አቁሚ። ምን ሆነች ብሎ ካየሽ ጨዋታው የሁለታችሁ ሆነ ማለት ነው፤ መልሰሽ አሽከርክሪለት።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው፤ 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፣ እኛም አገር ተሞክሯል። ስፔሻሊስት ሳይሆን እናትና አባትን ነው የሚያሠለጥነው። እዚህ አገር ነገሩን የጀመሩትም ወላጆች ናቸው፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በፈረንጆች 2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የራሳቸውን ልጅ ይዘው ነው፣ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም የመሠረቱት ወላጆች ናቸው። ሐዋሳም ቢሆን አንቺን የመሰሉ እናቶች አይጠፉም፤ የሕፃናት ክሊኒክ ስትሄጂ ጠይቂ። ጸበል መሄድ ካሰባችሁ ሂዱ፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ግን አይለፍ።

እማማ ሜሪላንድ፦
ስለ ቋንቋው እኔ ልመልስልሽ። እኛንም ልጃችንን «በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ያሉን ነበሩ፤ አልሰማናቸውም። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አይጎዳውም፤ አያቱ በማይቀናቸው ቋንቋ ቢያናግሩት ግን ወሬው ይቀንሳል። እዚህ አሜሪካ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ያለ ሐኪም ደብዳቤ ራሱ ማመልከት ይችላል፣ ምዘናው ነፃ ነው፤ ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ምዘናውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ መካሄድ አለበት። ይህን የምጽፈው እዚህ ላሉ አንባቢዎች ጭምር ነው፤ ብዙ ወገኖቻችን አያውቁትም። ደግሞ የኦቲዝም መንስኤ ክትባት ነው የሚሉሽ ካሉ አትስሚያቸው፤ በፈረንጆች 1998 ያንን ወሬ ያስነሳውን ጽሑፍ ያወጣው መጽሔት ራሱ በ2010 ሽሮታል።

የሐዋሳዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ችግሩ ቀን ቀን እኔ ሥራ ነኝ፤ የሚውለው ከአማቴ ጋር ነው። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

መምህርቷ፦
እንግዲያው ዋናዋ አስተማሪ እሳቸው ናቸው። ኦቲዝም የሚለውን ቃል አሁን አታንሺባቸው፤ ልጄን በሽተኛ አለችብኝ ብለው ይቀየሙሻል። እሑድ መክሰስ ሲሰጡት አጠገባቸው ሆነሽ የብስኩቱን አሰጣጥ አንዴ አሳዪያቸው፤ ከዚያ እሳቸው በሲዳምኛ ይሞክሩት። ልጁ ቀና ብሎ ሲያያቸው ሌላ ማስረጃ አይጠይቁሽም። የጆሮውን ቀጠሮ ግን ነገውኑ ያዢ፤ ውጤቱንም እዚሁ ጻፊልን።