ጥቆማ፦ ደሴ ላይ ፍሪጅ በደንብ የሚሠራ ሰው ማን አለ? ድምፁ አሳስቦኛል

የሆጤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ያለው ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ሰሞኑን እንግዳ ድምፅ ጀምሯል። መጀመሪያ "ቀጭ" ይላል። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ "እምምም" ብሎ ያጉረመርምና እንደገና "ቀጭ" ብሎ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይደግመዋል። ማታ ማታ ይብስበታል። ጠዋት ቅዝቃዜው ደህና ነው፣ ማታ ግን ወተቱን አላምነውም። ሁለት ሰው ተጠቁሞልኛል። አንዱ አራዳ ሱቅ ያለው ነው፣ ሌላው ቤት ድረስ የሚመጣ ልጅ ነው። ማንን ልጥራ? ወይስ ኮምቦልቻ ይሻላል? ደግሞስ ይሄ ድምፅ አሁኑኑ ሰው የሚያስጠራ ነው ወይስ ትንሽ ቢቆይም ችግር የለውም?

የጦሳ ልጅ፦
አራዳ ያለውን ጥሪው፣ አለቀ። የእናቴን ፍሪጅ የሠራው እሱ ነው፣ የአክስቴንም፣ የጎረቤቶቻችንንም። ሌላ ሰው አትሞክሪ።

እናት ጓዳ፦
እህቴ ተጠንቀቂ፣ እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስብሽ። ስሙንም ሰፈሩንም አልጠራም። ፍሪጄ ከኋላው "ትርርርር" እያለ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይቀዘቅዛል፣ ድምፁ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ሰውየው መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ እጁን ፍሪዘሩ ውስጥ ከተተና "ጋዝ አልቋል" አለኝ። ሞላልኝ፣ ከፈልኩ። ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ስደውልለት "እንግዲያው ኮምፕረሰሩ ነው" ብሎ ቀብድ ተቀበለኝና ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። በመጨረሻ የባለቤቴ ጓደኛ መጥቶ ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አደረገው። ለካ ከኋላ ያለችው ቀጭን ቱቦ ብረቱን እየነካች ነበር። በእጁ ቀስ ብሎ አራቃት፣ ጎሚኒ ጣል አደረገባት፣ አለቀ! እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። የልጆቼን የትምህርት ቤት ብር ነው የሰጠሁት።

ቦርከና፦
ወላሂ እኔም በዚሁ "ጋዝ አልቋል" ነው የተበላሁት። ቀብድ አትስጡ ጀማዓ። ዕቃውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ስጡት።

ከኮምቦልቻ፦
እዚህ ሙቀት ስላለ ጋዝ ቶሎ ያልቃል። እኔ በየዓመቱ አስሞላለሁ። የሚሞላልኝ ሰው በጣም ጎበዝ ነው፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ነው። እህቴ ከፈለግሽ እጠቁምሻለሁ።

እናት ጓዳ፦
በየዓመቱ?! ምነው የኔ እናት፣ ፍሪጅ መኪና ነው እንዴ?

ቦርከና፦
እሷን ተይ፣ ሰውየውን ለፖሊስ ከሰስሽው ወይስ ተውሽው?

እናት ጓዳ፦
ደረሰኝ የለኝ፣ ምስክር የለኝ፣ በምን ልክሰሰው። ለሰፈሩ ሰው ግን ነግሬያለሁ።

የሐረጎ ንፋስ፦
ግሩም ነው። ልጅቷ "ማንን ልጥራ" ብላ ጠየቀች፣ እናንተ የክስ ፋይል ከፈታችሁ። ፍርድ ቤቱ ውሳኔ እስኪሰጥ ወተቱ እርጎ ይሆናል፣ ያኔ እርጎውን ማን እንደሚገዛ ትጠቁሟታላችሁ።

ካቻቢቴ፦
እኔ በዚህ ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ግን ሱቅ የለኝም። ስለዚህ ለራሴ ደንበኛ እየፈለግኩ አይደለም። የሆጤዋ፣ ድምፁን በደንብ ስለገለጽሽው አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው "ይጮሃል" ብሎ ብቻ ይደውላል። እንዴት እንደሚጮህ፣ መቼ እንደሚጀምርና ሲቆም ምን እንደሚሆን ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው።

"ቀጭ፣ እምምም፣ ቀጭ" ማለት ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ሊነሳ ሞክሮ እያቃተው ነው። ሲያቅተው ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይሞቃል፣ ከጎኑ ያለችው መከላከያ ትቆርጠዋለች። ሲበርድ እንደገና ይሞክራል። ይሄ ከሦስት ነገር ይመጣል። አንዱ የመብራት መድከም ነው። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት መሆን አለበት፣ 10 በመቶ ያህል ከፍ ዝቅ ቢል ፍሪጁ ይችለዋል። ማታ ግን ሁሉም ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ በጣም ሊወርድ ይችላል። የአንቺም ማታ ነው የሚብሰው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። ሁለተኛው ኮምፕረሰሩን የምታስነሳው ሬሌ መዳከሟ ነው። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ከኮምፕረሰር ጋር ዋጋዋ አይወዳደርም። ሦስተኛው ኮምፕረሰሩ ራሱ መያዙ ነው፣ እሱ ከባዱ ነው።

ለመለየት ፍሪጁን መፍታት አያስፈልግም። ድምፁ በሚሰማበት ሰዓት ቮልቱን አስለኪ። ስታቢላይዘር ካለሽ ፊቱ ላይ ያሳያል፣ ከሌለሽ መልቲሜትር ያለው ጎረቤት ይለካልሽ። ቮልቱ ወርዶ ከተገኘ ፍሪጁ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። 220 አካባቢ ሆኖ እያለ "ቀጭ ቀጭ" ካለ ግን ሬሌው ይታይ። እስከዚያ ድረስ ሳያነሳ ደጋግሞ ከሞከረ ከሶኬት ንቀይው። እንደዚያ እየታገለ ሌሊቱን ካደረ የኮምፕረሰሩ ጥቅል ሽቦ ሊቃጠል ይችላል፣ ያኔ በትንሽ ብር የሚያልቀው ነገር የትልቅ ብር ይሆናል። ሲነቀል ምግቡ እንዳያሳስብሽ፣ በሩ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። መልሰሽ ስትሰኪው ደግሞ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይለፈው።

የኮምቦልቻዋ እህቴ፣ እርስዎ ላይ ለመፍረድ አይደለም፣ ግን ጋዝ አያልቅም። የፍሪጅ ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይፈልግና ሳይበይድ በየዓመቱ የሚሞላ ሰው ጎበዝ ቢባልም እየሠራ አይደለም። ደግሞም ጀርባው ላይ ያለችውን ጽሑፍ ይመልከቱ። አር 600 ኤ የሚል ከሆነ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው፣ ዝም ብሎ እሳት ይዞ የሚጠጋው ሰው አይንካው።

ከኮምቦልቻ፦
እሱ እኮ 10 ዓመት ሙሉ ነው የሠራልን። ሐቀኛ ሰው ነው። አባቴ ሲታመም ሊጠይቅ የመጣ ሰው ነው።

ካቻቢቴ፦
ሐቀኛ መሆኑን አልጠራጠርም። "ቀዳዳውን ፈልግልኝ" ብቻ ይበሉት።

የቧንቧ ውሃ ሰው፦
በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ሲጨምቅ እንደ አውሮፕላን ያገሳል። ከዚያም ከቦታው እየዘለለ በሩ ጋ ይደርሳል። ማን ይሠራዋል?

እናት ጓዳ፦
አዲስ ነው ወይስ የቆየ? አዲስ ከሆነ ከኋላው ያሉት የማጓጓዣ ብሎኖች ወጥተዋል? የእህቴ ባል ሳያወጣቸው አጥቦበት ቤቱን አናወጠው።

የቧንቧ ውሃ ሰው፦
የቆየ ነው። ብሎኖቹ ድሮ ወጥተዋል።

ካቻቢቴ፦
ማሽኑ ባዶ እያለ፣ ከሶኬት ነቅለህ፣ ከበሮውን በእጅህ አዙረው። "ገርገር" እያለ ከዞረ ኩሽኔታው አልቋል። ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፋው ከተወዛወዘም እንደዚያው። ኩሽኔታ ካለቀ አትቆይ። ውሃ ወደ ውስጥ ይገባና ሌላውንም ዕቃ ያበላሻል። ከበሮው በዝምታ ከዞረ ደግሞ እግሮቹን አስተካክል፣ አንዱ እግር ተንሳፍፎ ሊሆን ይችላል። "ቅጭልጭል" የሚል ድምፅ ብቻ ከሆነ ከታች ያለችውን ማጣሪያ ክፈት። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የጡት መያዣ ሽቦ ታገኛለህ። ለዚህ ሰው አትጥራ።

የሐረጎ ንፋስ፦
እኔ ልጨምር፣ ይሄ ከልቤ ነው። የእኛ ማሽን "ዝዝዝ" ብሎ ይቆም ነበር፣ ሁለት ሰው አስመጣን። ችግሩ ውሃው ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ከፍ ካላለ ግፊቱ አይበቃም። መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊትም በደለል ትደፈናለች። ቱቦውን ፍታና ወንፊቷን በድሮ የጥርስ ብሩሽ እጠባት። ከዚያ በኋላ ሰላም ነን።

የቧንቧ ውሃ ሰው፦
አዙሬው መጣሁ። ገርገር ይላል።

ካቻቢቴ፦
ኩሽኔታ ነው። ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ የሚሠራው ሰው አውጥቶ ሲያሳይህ በዚያው ቁጥር አስገዛ። ውሃ እንዳያልፍ የሚከለክለው ጎሚኒም አብሮ ይቀየር፣ ካልተቀየረ አዲሱም አይቆይም።

እማማ ሸዋ በር፦
ልጆቼ፣ እኔ ስለ ምጣድ ልጠይቃችሁ። እንጀራ ስጋግር ሶኬቱ "ጭርርር" ይላል። ሽታም አለው። ልጄ "ምንም አይደለም፣ ድሮም እንደዚሁ ነው" ይለኛል። ማንን ላስጠራ?

ካቻቢቴ፦
እማማ፣ እስከዛሬ ከተጻፈው ሁሉ የእርስዎ ነው ያስደነገጠኝ። ዛሬ አይጋግሩበት። ምጣድ ብዙ ኃይል ይወስዳል፣ 3500 ዋት የሆነው 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ሶኬቱ ውስጥ ሽቦው ከላላ እሳት ይፈጥራል፣ "ጭርርር" የሚለው እሱ ነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ ወይም ጠቁሮ ከሆነ ይቀየር። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካም፣ ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ይሄ የምጣድ ሠሪ ሥራ አይደለም፣ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፣ ብሬከሩ ሳይወርድ ማንም ሰው ሶኬቱን እንዳይከፍት።

እማማ ሸዋ በር፦
አላህ ይስጥህ ልጄ። ለልጄ አሁን አነበብኩለት።

ቦርከና፦
አብሽሪ እማማ። ወይዘሮ ስህን ኮሌጅ የተማሩ ልጆች አሉ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ጥሩ አድርገው ይሠራሉ። የእኛን ቤት የሠራልን ልጅ ከዚያ ነው የወጣው። በውስጥ መስመር ስልኩን እልክልዎታለሁ።

የሆጤዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የጎረቤታችንን መልቲሜትር ተውሰን ለካን። ምጣድ በሚበዛበት ሰዓት 170 አካባቢ ነበር። ጠዋት ስንለካ 215። ጠዋት ፍሪጁ አንድ ጊዜ ብቻ "ቀጭ" ብሎ ነው የተነሳው። ግን አንዳንዴ "ቡልቅ ቡልቅ" ይላል፣ "ጧ" የሚልም ድምፅ አለው። እሱስ?

ካቻቢቴ፦
ጎበዝ። "ቡልቅ ቡልቅ" ጋዙ ሲዘዋወር ነው። "ጧ" ደግሞ ፕላስቲኩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሲለጠጥና ሲኮማተር ነው። ሁለቱም ጤነኛ ድምፆች ናቸው። ሌላ ልወቅ ካልሽ፣ ከፍሪዘሩ ውስጥ የሚፋጭ ድምፅ መጥቶ በሩን ስትከፍቺ ቀጥ ካለ በረዶ ማራገቢያውን እየነካ ነው። ነቅለሽ በረዶው እስኪቀልጥ ጠብቂ፣ ቶሎ ከተመለሰ ሰው ይየው። ከኋላ ያለውን ፍርግርግ ደግሞ ከአቧራ አጽጂ። 170 ላይ ግን ስታቢላይዘር ያስፈልግሻል። ስትገዢ የፍሪጁን ዋት ብቻ አትመልከቺ፣ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ሰፋ ያለ ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚለቀውን ምረጪ። ስታቢላይዘሩ ራሱም "ቀጭ" እንደሚል እወቂ፣ ያ ድምፅ ሥራው ነው።

የጦሳ ልጅ፦
ስታቢላይዘርም አራዳ ካለው ይሻላል። ለምን እንደምትጨቃጨቁ አይገባኝም።

የሐረጎ ንፋስ፦
አራዳ ያለውስ መርምሮ ምን ይላል? ሲደወልለት ምን ይጠይቃል? "ድምፁ መቼ ነው የሚመጣው" ይላል ወይስ "አምጪው" ይላል?

የጦሳ ልጅ፦
"አምጪው" ይላል። ሱቁ ነው ዕቃው ያለው፣ እና ምን ያድርግ። ሲሠራ ግን ያረጀውን ዕቃ አውጥቶ በእጅህ ይሰጥሃል። ደረሰኝም ይጽፋል።

ቦርከና፦
ያረጀውን ዕቃ መስጠቱ ጥሩ ነው፣ እሱን አከብራለሁ። ፍሪጅ ማጓጓዝ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቤት የሚመጣው ልጅ ቢያንስ በቤትሽ ቮልት ላይ ያየዋል። ሱቅ ወስደሽው እዚያ መብራቱ ጥሩ ከሆነ "ምንም የለውም" ብሎ ይመልስልሻል።

ከኮምቦልቻ፦
ኮምቦልቻ የምታመጪው ከሆነ ለ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሐረጎን ቁልቁለት አስወርደሽ ነው። ከተጫነ አስተኝታችሁ አትጫኑት። የግድ ከተኛ ደርሶ ሳይሰካ ለሰዓታት ቀጥ ብሎ ይቁም። ዘይቱ ወደ ቱቦው ይሄዳል። ይሄን የነገረኝ ያ በየዓመቱ የሚሞላልኝ ሰው ነው፣ ያውቃል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ቀዳዳ እንዲፈልግም ነግሬዋለሁ፣ "እሺ፣ ቅዳሜ" ብሎኛል።

ካቻቢቴ፦
ስለ ማስተኛቱ ልክ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

እናት ጓዳ፦
ለሁላችሁም፣ ያ ቀብድ የበላኝ ሰውዬ ሰሞኑን ሌላ ሰፈር ታይቷል አሉ። የምታውቁት ካላችሁ በውስጥ መስመር።

የቧንቧ ውሃ ሰው፦
የእኔ የኩሽኔታ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ማን ይቀይራል? ማሽኑን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ የሚወስድ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የጦሳ ልጅ፦
አራዳ ያለው ልብስ ማጠቢያም ይሠራል። መጥቶ አይወስድም፣ ግን ሁለት ጎረምሳ ይዘህ ጠዋት ጠዋት ውሰደው። ቅዳሜ አትሂድ፣ ሰው ይበዛበታል።