የአንቴናው ሞተር ይጮኻል፣ ዘንጉ ግን አይወጣም

ጥያቄ፦ መኪናው ራሱ የሚወጣ አንቴና ያለው አሮጌ ቶዮታ ነው። ሬዲዮው ሲከፈት ከፓራፋንጎው ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ያጉረመርማል፤ ዘንጉ ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ይቀየር?

መልስ፦ ሞተሩን ተወው ወንድሜ፣ የሚጮኸው ስለሚሠራ ነው። የተበጠሰው ከዘንጉ ሥር ያለው ባለ ጥርስ የናይሎን ገመድ ነው። ዘንጉን ከነገመዱ ግዛ፤ የገመዱ ርዝመትና ጥርስ ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል። የላይኛውን ዳዶ ፍታ፣ ሰው ሬዲዮውን ይክፈትልህ፣ አሮጌውን ሳብ አድርገህ አውጣ። አዲሱን ገመድ ጥርሱን ወደ ሞተሩ ማርሽ አዙረህ አስገባና ሬዲዮው ይዘጋ። ማርሹ ሲነክሰው እጅህ ላይ ይሰማሃል፤ ያኔ ዘንጉን ቀጥ አድርገህ እየመራህ ልቀቀው።

ሌላ መልስ፦ የገመዱ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ ግን አዲሱ አይነክስም። ሞተሩን አውርደህ፣ ክዳኑን ከፍተህ ቁራጩን ልቀም። የውኃ ማፍሰሻ ቱቦውንም አጽዳ፤ ሲደፈን ነው ሞተሩ የሚዝገው።

ሌላ መልስ፦ ድምፅ ጭራሽ ለሌለው፦ መጀመሪያ ፊውዝ። ከዚያ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ወደ አንቴናው ሞተር ከሚገቡት ሽቦዎች አንዱ ሁልጊዜ፣ ሌላው ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ 12 ቮልት ያሳይ፤ ማሳውም (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ሽቦ) ይታይ። ሁሉም ደህና ከሆነ ሞተሩ ራሱ ነው። ዘንጉን ደግሞ ግሪስ አትቀቡት፣ አቧራ ይዞ ያንቀዋል።