«በአፍ የተጫወተ አልተጫወተም» ያልከው ሰውዬ፣ ና እዚህ

ማሾ፦ ትናንት ፕሌስቴሽን ቤት ጌምን በድምፅ የማዘዝ ወሬ ተነሳ። አንዱ «በአፍ የተጫወተ አልተጫወተም» አለ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ወንድሜ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። ኮምፒውተሩ ላይ ቮይስአታክ የሚባል፣ ድምፅን ወደ ቁልፍ ትእዛዝ የሚቀይር ፕሮግራም ጭነንለት፣ በግራው ማውስ ይዞ በአፉ «ሪሎድ» እያለ እኔን ይረታኛል። እና አልተጫወተም?

ጣቴ ይበቃኛል፦ ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድምህን ማን ነካው? እኔ ያልኩት ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለሚጮኸው ነው። ኪኔክትን፣ ያን ድምፅና እንቅስቃሴ የሚቀበል የኤክስቦክስ ካሜራ፣ ረሳችሁት? በፈረንጆቹ 2013 ኤክስቦክስ ዋንን ከነኪኔክቱ 499 ዶላር ሸጡት። ፕሌስቴሽን 4 ደግሞ 399። በ2014 ኪኔክቱን አውጥተው 399 አስገቡት። በ2017 ጭራሽ ማምረት አቆሙ። ገበያው ፈርዷል።

ዲሲ ማዶ፦ ገበያው የፈረደው በዋጋው ላይ ነው። እኔ የኤክስቦክስ 360ው ኪኔክት ነበረኝ። ስካይሪም የሚባለው ጌም ላይ የአስማት ጩኸቱን «ፉስ ሮ ዳ» ብለህ ጮኸህ ሽፍታው ከገደል ሲወረወር ቁልፍ እንደመጫን አይደለም። እናቴ ግን ጸበል ልትወስደኝ ነበር።

ጣቴ ይበቃኛል፦ ጸበሉ ይሻልህ ነበር።

ሰፈር 22፦ 2014 ላይ ተዋናዩ አሮን ፖል በኤክስቦክስ ማስታወቂያ «ኤክስቦክስ ኦን» ሲል የሰው ቤት ማሽን እየበራ አልነበር? ቴሌቪዥን የሚያዘውን ዕቃ ነው የምታሞግሱት። ደግሞ እኛ ጌም ቤት አስቡት። 6 ስክሪን በአንድ ክፍል፣ ሁሉም «ፓስ! ፓስ!» ይላል። ማሽኑ የማንን ይስማ?

ሶስና፦ ፋዝሞፎቢያን፣ የመናፍስት አደን ጌሙን፣ የተጫወተ አለ? መንፈሱን በድምፅህ ትጠይቀዋለህ፣ እሱም ይሰማሃል። እዚያ ድምፅ ሲቀር ግማሹ ጌም ይቀራል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስልኬ ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ሰምቶ ይጽፋል። ጌሙ ግን በፈረንጅ ቋንቋ ካልለመንከው አይሰማም። «ተኩስ» ማለት ምን አለበት?

ጣቴ ይበቃኛል፦ «ተኩስ» ብለህ ሳትጨርስ ሞተሃል። ማሽኑ ቃሉን ሰምቶ እስኪለየው የእኔ ጣት ሁለቴ ተኩሷል።

ሰፈር 22፦ ቆይ፣ ገጸ ባሕሪዋ ሴት ከሆነችስ? «ተኩሺ» ነው የምንለው?

ሶስና፦ አዎ። «ተኩሺ»። ምን ችግር አለው?

ዲሲ ማዶ፦ በጭንቅ ሰዓት ጾታ ስመርጥ ልሙት? ሁለቱንም ይቀበል።

ሰፈር 22፦ ሽማግሌ ከሆኑ ደግሞ «ይተኩሱ አባባ» በሏቸው 😂

ሶስና፦ እናንተ ቀልዱ። ሴት ገጸ ባሕሪ ይዛችሁ «ተኩስ» ስትሉ ሲሰማ ጆሮ ያማል።

ማሾ፦ ወሬውን አታዙሩት። ጣቴ፣ «አልተጫወተም» ያልከውን አንሳ።

ጣቴ ይበቃኛል፦ አላነሳም። ለወንድምህ አላልኩም አልኩህ እኮ።

ማሾ፦ «በአፍ የተጫወተ» ብለሃል። በአፉ ነው የሚጫወተው። እሱን ከዚህ እንዴት ታወጣዋለህ?

ጣቴ ይበቃኛል፦ እንግዲያው ቅዳሜ ይምጣ። 3 ጨዋታ። የተሸነፈ ሂሳብ ይከፍላል።

ማሾ፦ የት? እዚያ ያለው ፕሌስቴሽን ነው፤ ቮይስአታክ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። አንተ እኛ ቤት ና።

ጣቴ ይበቃኛል፦ ሰበብ ጀመረ።

ሶስና፦ «ተኩሺ» ያልኩት ግን ይያዝልኝ።