ወንድሟ ሲጠባ ጠብቃ የምትሸና ልጅ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነን። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። «ውሃ ስጪኝ» ትላለች፣ ቀን ቀን ዳይፐር ካወለቀች ቆይታለች። ወንድሟ ከተወለደ ወዲህ ግን ማጥባት ስጀምር ጠብቃ እዚያው አጠገቤ ትሸናለች። ከአባቷ ጋር ስትሆን ደርቃ ትውላለች፤ አያተኩሳትም፣ ስትሸናም አያማትም፣ ስለዚህ ኢንፌክሽን አይመስለኝም። በዚህ ሙቀት ሆዷ እንዳይደርቅ ውሃና ፓፓያ አበዛሁላት፤ ሰገራዋ ለስላሳ ነው። ከማጥባቴ በፊት ፖፖ ላይ ሳስቀምጣት ጠብ አይላትም፤ ሕፃኑ ጡት እንደያዘ ምንጣፉ ላይ ትለቀዋለች። አልቆጣትም። ዳይፐሩን እንድታቀብለኝ አደርጋለሁ፣ ይሄን በጣም ትወደዋለች። አያቷ ለእሷም ዳይፐር መልሺላት ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ የለመደችውን እንዳትረሳ ፈራሁ። አከታትላችሁ የወለዳችሁ እናቶች፣ እስክትረጋጋ ዳይፐር ልመልስላት ወይስ በፖፖው ልቀጥል?