የኖሪስ ዋንጫ ለማን ይገባል፦ ጎል ለሚያመርት ተከላካይ ወይስ ጎል ለሚያስቀር?

አወያይ
የሳምንቱ መከራከሪያ ይህ ነው። የኖሪስ ዋንጫ ከ1954 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኤንኤችኤል የበረዶ ሆኪ ሊግ በሁለንተናዊ ብቃቱ ለላቀ ተከላካይ ይሰጣል። መራጮቹ የሆኪ ጋዜጠኞች ናቸው። እያንዳንዱ አምስት ስም በደረጃ ይጽፋል፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ 10፣ 7፣ 5፣ 3፣ 1 ይያዛል። በ2023 ያሸነፈው የሳን ሆዜው ኤሪክ ካርልሰን 25 ጎልና 76 አሲስት (ጎል የሆነ ቅብብል)፣ በድምሩ 101 ነጥብ አስመዝግቦ ነበር። ቡድኑ ግን ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 22ቱን ብቻ ነው፤ የእሱም ፕላስ ማይነስ፣ ማለትም እሱ በረዶው ላይ ሳለ ቡድኑ ያገባውና የገባበት ጎል ልዩነት፣ ከዜሮ በታች 26 ነበር። ምርጫው ልክ ነበር? በጨዋነት ተከራከሩ።

የድሮ ካፒታልስ
ልክ አልነበረም። ተከላካዩ ሮድ ላንግዌይ በ1982 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ ካፒታልስ ከተመሠረተ ጀምሮ ፕሌይኦፍ (የዋንጫው ማጣሪያ ዙር) ገብቶ የማያውቅ ቡድን ነበር። በመጀመሪያው ዓመቱ ገቡ። ላንግዌይ በ1983 በ32 ነጥብ፣ በ1984 ደግሞ በ33 ነጥብ ኖሪስን ወሰደ። በ1984 የኤድመንተኑ ፖል ኮፊ ስንት እንደነበረው ታውቃላችሁ? 126! መራጮቹ ያንን ሁሉ ቁጥር እያዩ ላንግዌይን መረጡ። ዛሬ 33 ነጥብ ያለው ተከላካይ የማን ወረቀት ላይ ይገባል?

ቁጥር ቆጣሪ
ጋሼ፣ የላንግዌይን ክብር ማንም አይነካም። ግን ያ ከዜሮ በታች 26 ብቻውን ምንም አያስረዳም። አቆጣጠሩን እንይ። በፓወር ፕሌይ፣ ማለትም ተጋጣሚው በቅጣት ሰው ጎድሎት ሳለ ያስቆጠርከው ጎል ፕላስ አይሆንልህም። በዚያው ሰዓት ጎል ከተቆጠረብህ ግን ማይነስ ይጻፍብሃል። ቡድንህ እየተመራ በረኛውን አውጥቶ ስድስተኛ አጥቂ ሲያስገባ ባዶ መረብ ላይ የሚቆጠረውም እንዲሁ ማይነስ ነው። ደካማ ቡድን በረኛውን ቶሎ ቶሎ ያወጣል፤ በዚያ ሰዓት በረዶው ላይ የሚቆመው ደግሞ ፐኩን (የሆኪዋን ጠፍጣፋ ጎማ) አሳምሮ የሚያቀብለው ተከላካይ ነው። በረኛው ደካማ ከሆነም ዕዳው በፊቱ ለቆሙት ሁሉ ነው።

ሌላም አለ። ከካርልሰን 101 ነጥብ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከፓወር ፕሌይ ውጪ የመጣ ነው። ተከላካይ 100 ሲደርስ ከ1992ቱ ብራያን ሊች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ሰማያዊ መስመር
ሁለታችሁም ስለ ሰንጠረዥ ነው የምታወሩት። ተከላካዩ በረዶው ላይ የሚሠራውን እንናገር እንጂ።

አጥቂው ፐኩን ይዞ ሲመጣ ተከላካዩ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይቀበለዋል። ሰማያዊው መስመር ላይ፣ ማለትም የተከላካዩ ዞን መግቢያ ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ የዱላ ርዝመት ያህል፣ ማለትም ሜትር ተኩል ገደማ መሆን አለበት። ርቀቱ ከሰፋ አጥቂው በነፃነት ገብቶ ይመታል ወይም ያቀብላል። የኋላ ፍጥነቱ ከአጥቂው ጋር ሳይመጣጠን ከጠበበ ደግሞ በአንድ ዕርምጃ ታልፎ ይቀራል። የተከላካዩ ዓይን ፐኩ ላይ ሳይሆን የአጥቂው ደረት ላይ ነው፤ ፐኩ ያታልላል፣ ደረት አያታልልም። ዱላውን በአንድ እጁ ዘርግቶ የመሀሉን መንገድ ይዘጋና አጥቂውን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ከዚያ የተመታ ፐክ ለበረኛው ቀላል ነው። ይህን ሁሉ በትክክል ሲሠራ ምን ይመዘገብለታል? ምንም።

ከዚህ የሚከብደው ግን ፐክ ማንሳት ነው። ተጋጣሚ ፐኩን ከጎሉ ጀርባ ይጥለውና ሁለት ሰው ያስከትላል። ጥሩ ተከላካይ ፐኩን ከመንካቱ በፊት ቢያንስ ሁለቴ በትከሻው በኩል ወደ ኋላ ያያል፦ መጀመሪያ የሚያሳድደው በየት በኩል እንደመጣ፣ ቀጥሎ የራሱ ሰው የት እንደቆመ። ያላየው ወይ ተገጭቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ወይ ፐኩን በጭፍን በግድግዳው ዳር ይወረውራል። የተወረወረችውን የተጋጣሚ ተከላካይ መስመሩ ላይ ይጠብቃትና መከላከሉ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አንድ ተከላካይ አሥር ዓመት በሊጉ መቆየቱንና በሁለተኛ ዓመቱ ወደ ታችኛው ሊግ መውረዱን የሚለየው በአብዛኛው ይህ ነው።

ፓወር ፕሌይ
ሰማያዊ መስመር፣ ለእኔ ነው የመሰከርክልኝ! ፐኩን አንስቶ በአንድ ቅብብል ከዞኑ የሚያወጣ ማን ነው? ካርልሰን፣ ማካር፣ ኩዊን ሂውዝ። ፐኩ እኛ ዘንድ እስካለ ድረስ ጎል አይገባብንም፤ ይህም መከላከል ነው። ቦቢ ኦር ከ1968 እስከ 1975 ስምንት ጊዜ በተከታታይ ኖሪስን የወሰደው ምት ለመዝጋት በመውደቅ ወይም ሰው በመግጨት አልነበረም። በ1970-71 139 ነጥብ ነበረው፣ ፕላስ ማይነሱም 124።

የድሮ ካፒታልስ
አየህ? ኦር ሁለቱንም ነበረው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ቁጥር ቆጣሪ
«ሁልጊዜ ነጥብ ያለው ያሸንፋል» የሚባለውም እውነት አይደለም። በ2016 ካርልሰን 82 ነጥብ ይዞ ዋንጫው 51 ላለው ለድሩ ዳውቲ ሄደ። በ2020 የእርስዎው የዋሽንግተን ጆን ካርልሰን በ69 ጨዋታ 75 ነጥብ ሲሰበስብ በእኩል ጨዋታ 65 ያለው ሮማን ዮሲ ወሰደው። ያኔ ስለ ነጥብ ሲያማርር የነበረው ዋሽንግተን ነው፤ ይቅርታ ጋሼ።

የድሮ ካፒታልስ
ይህቺ አመመችኝ። ግን 51 እና 65ም እኮ ትንሽ ነጥብ አይደለም። ጥያቄዬ ስለ ሠላሳዎቹ ነው።

ሰማያዊ መስመር
ስለ ጄኮብ ስላቪን እንናገር ታዲያ። ካሮላይና በቅጣት ሰው ሲጎድላት ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው፤ የተጋጣሚን ምርጥ አጥቂ መስመርም የሚቀበለው እሱ ነው። በ2020-21 ዓመቱን ሙሉ የተቀጣው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነበር። ተከላካይ ሆኖ! ቦታውን አስቀድሞ ስለሚይዝ ከኋላ ጎትቶ ወይም ጠልፎ ማዳን አያስፈልገውም። የጨዋነት ዋንጫ የሆነውን ሌዲ ቢንግን ሁለት ጊዜ ሰጡት። እንግዲህ ተከላካይን «ጨዋ ነህ» ብሎ መሸኘት!

ፓወር ፕሌይ
የጎል ፊት ብሎክንስ፣ የተመታ ፐክን በሰውነት መዝጋትን፣ ለምን ረሳኸው? እሱ ይቆጠራል።

ሰማያዊ መስመር
ይቆጠራል፣ ግን ያሳስታል። ብዙ ብሎክ ያለው ብዙ ጊዜ ዞኑ ውስጥ የታፈነ ማለት ነው። አሠራሩም አደጋ አለው። በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ፣ ዱላውን በማቀበያው መንገድ ላይ አጋድሞ ነው የሚዘጋው። ቸኩሎ በሁለቱም ጉልበት የወረደ መቺው በጎኑ ያልፈዋል፤ ይባስ ብሎም የበረኛውን ዕይታ ይጋርዳል። ፕላስቲክ ጋሻ በመንሸራተቻ ጫማው ላይ ቢደረግም የእግር አጥንት ስብራት የዚህ ሥራ የዘወትር ጉዳት ነው።

ቁጥር ቆጣሪ
ዋንጫው የክብር ብቻ ቢሆን እኔም እተወው ነበር። ነገሩ ደመወዝ ላይ ይደርሳል። በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር የ2013 የኅብረት ስምምነት የጀማሪ ተከላካይ ጉርሻ መለኪያዎች 10 ጎል፣ 25 አሲስት፣ 40 ነጥብ እያሉ ይቀጥላሉ። ብሎክና በረዶ ላይ የቆየበት ደቂቃም አሉበት፤ አጥቂውን ወደ ግድግዳ መግፋት ግን የለበትም። በደመወዝ ግልግልም የሚቀርበው የሊጉ ይፋዊ ቁጥርና የተመሳሳይ ተጫዋች ንጽጽር ነው። ውጤቱን እዩት፦ ካርልሰን በ2019 የስምንት ዓመት ውል በዓመት 11.5 ሚሊዮን ዶላር፤ ስላቪን በ2024 የስምንት ዓመት ውል በዓመት 6.4 ሚሊዮን ገደማ። ዕድሜና ጊዜ ይለያያል፣ አውቃለሁ። ልዩነቱ ግን በዚያ ብቻ አይሞላም።

ፓወር ፕሌይ
እንግዲያው ለመከላከል የራሱ ዋንጫ ይሰጥ። ለአጥቂዎች እኮ መከላከልን የሚመዝን ሴልኪ ዋንጫ ከ1978 ጀምሮ አለ። ኖሪስን ለእኛ ተዉልን።

ሰማያዊ መስመር
አይሆንም። ያን ጊዜ ኖሪስ ያለ ኀፍረት የነጥብ ዋንጫ ይሆናል፣ ስላቪንም የሁለተኛ ደረጃ ዕቃ ይሆናል። ይልቅ መራጩ ስም ከመጻፉ በፊት አራት ነገር ይይ፦ በቅጣት ጊዜ የተሰለፈበት ደቂቃ፣ የተጋጠማቸው አጥቂዎች ጥራት፣ በእሱ በኩል ፐክ ይዞ ዞን የገባ ተጋጣሚ ብዛት፣ ያነሳት ፐክ ስንቴ በንጹሕ ቅብብል እንደወጣች። ነጥብ አምስተኛው ይሁን።

ቁጥር ቆጣሪ
በዚህ እስማማለሁ፣ አምስተኛ ይሁን የሚለውን ትቼ። ሁለተኛ ይሁን።

የድሮ ካፒታልስ
በዚህ መለኪያ 2023ን መልሳችሁ ቁጠሩት እስቲ። ካርልሰን ያኔ በቅጣት ጊዜ አይገባም ነበር ማለት ይቻላል። የኒው ዮርኩ አዳም ፎክስ ግን 72 ነጥብ አምርቶ በቅጣትም ጊዜ ይሰለፍ ነበር፣ ከሦስቱ ዕጩዎችም አንዱ ነበር። የእኔ ድምፅ ለፎክስ ነው።

ፓወር ፕሌይ
29 ነጥብ ልዩነት ጋሼ! 29!