ሥጋ በል ዓሣ ነብር ነው ወይስ ጅብ? የወንዝ አፉስ ይዘጋ?

ዮኒ ባሕር ዳር፦
ሰላም ለቤቱ። ቅዳሜ ጣና ሐይቅ ዳር ዓሣ ቤት ቁጭ ብለን አጠገባችን ሁለት አስጋሪዎች ሲጨቃጨቁ ሰማን። አንደኛው «በክረምት ወንዞቹ ሐይቁ የሚገቡበት አፍ ለማስገር ይዘጋ፣ ባርበስ የሚባለው ዓሣ ተሰብስቦ የሚያልቀው እዚያ ነው» ይላል። ሌላኛው «ሥጋ በል ዓሣ መቼ ተሰብስቦ ያውቃል? እንደ ነብር ብቻውን ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። አዳኝ ከአዳኝ ጋር ተሰብስቦ ምን ሊበላ ነው? በመንጋ የሚሄደው ታዳኙ ነው፣ በብዛት ውስጥ ለመደበቅ። የፈረንጆቹን ፓይክ በቪዲዮ አይቼዋለሁ፤ ሣር ውስጥ እንደ ወደቀ ግንድ ዝም ብሎ ቆሞ፣ ትንሽ ዓሣ ሲያልፍ ብቻ ነው የሚወረወረው። ጎረቤት ቢመጣበት ጎረቤቱን ይበላዋል። እንግዲህ ለማይሰበሰብ ዓሣ ተብሎ የሰው እንጀራ ይዘጋ ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። እስቲ ሞግቱኝ።

ታንኳው፦
ዮኒ ወንድሜ፣ ነብር ሁልጊዜ ብቻውን ከሆነ ግልገሉ ከየት መጣ?

ዮኒ ባሕር ዳር፦
😂 እሺ፣ ቀጥል።

ታንኳው፦
እኔ ደራ በኩል ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ ነው ያደግሁት፤ አሁንም የምበላው ከዚያው ነው። በበጋ መረቤን ሐይቁ መሐል ጥዬ ሳድር ጠዋት ትልቅ አፍ ያለው ባርበስ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይይዝልኛል። እሱም አንዱ እዚህ ጫፍ፣ አንዱ እዚያ ጫፍ። ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ እኔም ነብር ነው እልህ ነበር። ነሐሴ ላይ ግን ደጋው ዘንቦ ወንዙ ሲሞላ ሌላ ነው። ቡናማው ውኃ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ድንበሩ በዓይን ይታያል፤ ወዲህ ጭቃ፣ ወዲያ ጥሩ ውኃ። እዚያ ድንበር ላይ መረብ ብትጥል ሳይነጋ ይከብድሃል። አንስተህ ታንኳ ላይ ስትዘረግፈው ሴቶቹ ሆዳቸው ተወጥሮ፣ እጅህ ገና ሲነካቸው ቢጫው እንቁላል ወለሉ ላይ ይፈሳል። በባዶ እግር ቆመህበት ያንሸራትታል። ያው ብቸኛ ያልከው ዓሣ ነው እንግዲህ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ቆሞ።

ጫሞ ዳር፦
ከአርባ ምንጭ ሰላም ብያለሁ። እኛ ዘንድ የዓሣ አዳኝ ሲባል ናይል ፐርች ነው። ትንሽ ሳለ ከእኩዮቹ ጋር በቡድን ይዞራል፤ ሲያድግ ብቸኛ ይሆናል። መጻሕፍት እስከ 200 ኪሎ ይደርሳል ይላሉ። በእኛ ጊዜ ያን የሚያክል አላየንም፣ መረቡ ሳያድግ ይቀድመዋል። ሌላ ደግሞ ታይገርፊሽ አለ፣ ጥርሱ ከአፉ ወጥቶ የሚታየው። እሱ በቁመት ከሚመስሉት ጋር ሆኖ በመንጋ ያድናል። በቁመት የሚያንሰው አብሮ ከዞረ እራት ነው የሚሆነው። ዮኒ «አዳኝ ከአዳኝ ጋር ምን ይበላል» ላልከው መልሱ ይህ ነው፤ እኩል ከሆኑ አይበላሉም። አዞንም ተሰብስቦ ማየት ከፈለግክ ጫሞ ላይ ያለው «አዞ ገበያ» ና 😄

ዮኒ ባሕር ዳር፦
ናይል ፐርች ጣና ውስጥ የለም እኮ። ለምንድነው ከእኛ ጋር የምታነጻጽረው?

ባዮሎጂ መምህርቷ፦
የለም፣ ምክንያቱንም ማወቅ ጥሩ ነው። ጢስ ዓባይ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ዓሣ ያንን ወጥቶ ጣና አይገባም። እንደ ናይል ፐርች ያለ አዳኝ የሌለበት ሐይቅ ስለሆነ ነው ባርበሱ አዳኝ የሆነው። ሳይንቲስቶች ሐይቁ የዛሬ 15 ሺህ ዓመት ገደማ ደርቆ እንደነበር ከደለሉ አንብበዋል፤ ውኃው ተመልሶ ሲሞላ ባዶ ቤት ነበር ማለት ነው። የሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነ ናግልከርክና ሲቢንግ 15 ዓይነት ትልልቅ ባርበሶችን ለይተው ገልጸዋል፤ ከእነዚህ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። የእነሱ ዘር በሌላው ዓለም በአብዛኛው ጭቃና ሣር፣ ትላትልና ቀንድ አውጣ ለቃሚ ነው። አፋቸው ውስጥ አንድ ጥርስ የለም፤ ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ጨጓራም የላቸውም። ያዝኩት ያሉትን ትንሽ ዓሣ ሙሉውን መዋጥ ነው ያላቸው ዘዴ። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ቅርስ አይተናነስም፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ ዮኒ ሁለት ነገር አንድ ላይ ጠቅልለሃል። ለማደን መሰብሰብና ለመራባት መሰብሰብ ይለያያሉ። የወንዝ አፍ ይዘጋ የሚለው ሁለተኛውን አስቦ ነው። ባርበሱ ሲያድን ብቻውን ነው ብትለኝ አልከራከርህም። ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከዓሣ በሎቹ ብዙዎቹ ወንዝ አፍ ላይ ይጠራቀሙና ጊዜያቸውን ጠብቀው ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላል የሚጥሉት ገባር ጅረቶቹ ላይ፣ ጠጠር ያለበት፣ ጠለል ያለና አየር ያለው ውኃ ሲያገኙ ነው። ጭቃ ላይ ከጣሉት እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይ ለእነሱ ማዋለጃ ቤት ናቸው።

ቤቲ ስዊድን፦
ፓይክ ስለተነሣ እኔም አለሁበት 🙋🏾‍♀️ እዚህ ዬዳ ይሉታል። ባለቤቴ በክረምት በረዶ በስቶ ያወጣዋል፤ እኔ ሻይ ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ፣ እጄ እስኪደነዝዝ። አንድ ቀን ከአንድ ቦታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ወጣ። እሱ «መንጋ ነው» አለ። እኔ አይደለም አልኩ። እዚያ ቦታ ትንንሽ ዓሣ በብዛት ስላለ እያንዳንዱ በራሱ መጥቶ ነው። መርካቶ የተገናኘ ሁሉ አብሮ አልመጣም እኮ! አቦሬ የሚሉት ባለ መስመር ዓሣ ግን በእውነት በቡድን ነው የሚያድነው፤ ትንንሾቹን ዙሪያውን ይዞ ወደ ላይ ያወጣቸዋል፣ ውኃው ይፈላል። ሁለቱ አንድ ሐይቅ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ «ሥጋ በል ሁሉ» ተብሎ የሚጀመር ዓረፍተ ነገር አይሠራም።

ሌላም ልጨምር። ፓይክም ቢሆን በፀደይ በረዶው ሲቀልጥ ውኃ የተኛበት ሣር ውስጥ ይሰበሰባል። አንዷን ትልቅ ሴት ብዙ ወንድ ይከተላታል፣ ጀርባቸው ከውኃው በላይ እስኪታይ። ከባልቲክ ባሕርም ተነሥቶ ለዚሁ ብሎ ወንዝ የሚወጣ አለ። ዮኒ ያየኸው ቪዲዮ የሌላውን ወቅት ነው።

ዮኒ ባሕር ዳር፦
እሺ ለመራባት ይሰበሰባል፣ ተሸነፍኩ። ለማደን ግን እኛ አገር የሚሰበሰብ አለ? ከታይገርፊሹ ሌላ?

ጫሞ ዳር፦
አምባዛን ረሳኸው?

ዮኒ ባሕር ዳር፦
አምባዛ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የሚውል ሰነፍ ነው ባክህ 😂

ባዮሎጂ መምህርቷ፦
ሰነፍ ያልከው አምባዛ ቦትስዋና ኦካቫንጎ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ስማ። ጎርፉ መጉደል ሲጀምር፣ በፈረንጆቹ መስከረም ገደማ፣ ትንንሽ ዓሣ ሁሉ ከሜዳው ወደ ቦዩ ይገፋል። አምባዛው በመቶ፣ አንዳንዴም በሺህ ሆኖ ይሰለፋል። የደንገሉን ሥር በጅራቱ እየደበደበ የተሸሸገውን ያስወጣል። ድምፁ ሳይታይ ከሩቅ ይሰማል፤ ወፎቹ ከላይ ይከተላሉ። ይህ እንግዲህ ጣና ውስጥ ያለው ያው ዓይነት ነው፤ ሌላ ዘር አይደለም። ተፈጥሮው ሳይሆን ሁኔታው ነው መንጋ የሚያደርገው። ውኃው ሲጎድልና ምግቡ አንድ ቦታ ሲታጨቅ ሰነፉም ጅብ ይሆናል።

የዓሣ ቤቷ፦
ልጆች፣ ስለ ጅብና ነብር ስትከራከሩ የኔን ነገር ረሳችሁት። ሐምሌ፣ ነሐሴ አላችሁ። ነሐሴ ምንድነው? ፍልሰታ ነው! ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ካህናቱ ይጨርሱት፣ እኔ አልገባም፤ የሚበላው ግን በዚያ 15 ቀን ቤቴን ያጨናንቀዋል። ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ኮተሌት፣ ሁሉም ዓሣ። አቅራቢዬ «ወንዝ አፍ ተዘግቷል» ካለኝ ቆሮሶ (ቲላፒያ) በእጥፍ ዋጋ ልገዛ ነው። መዝጋቱን አልጠላም። ግን የሚዘጋው ሰው አንድም ቀን ከጓዳዬ ሆኖ ደንበኛ «አልቋል» ብሎ መልሶ አያውቅም።

ታንኳው፦
እትዬ፣ እርስዎ ስለ ዋጋ ነው የሚሉት፤ እኔ ስለ ዓመት ቀለብ ነው። የልጆች ደብተር የምገዛው በነሐሴና በመስከረም ዓሣ ነው። እና መሰብሰቡን የመሰከርኩት እኔው ራሴ ስለሆንኩ እዘጋለሁ ማለት አይደለም። ለምን እኔ ብቻ? ዓሣው አፉን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ ማን እየጠበቀው እንደሆነ እናውቃለን። ላይ ጅረቱ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ይበትኑበታል፤ ትልቁም ጫጩቱም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ከዚያ ጠጠሩንና አሸዋውን ለግንባታ የሚጭነው መኪና አለ። በበጋ ደግሞ ውኃውን በሞተር ስበው ለሽንኩርት ያጠጡታል። ርብ ላይ ግድብ ተሠራ። ባለፈው ዓመት አንድ ስብሰባ ተጠርተን ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ስለ መረብ ብቻ ተነገረን። ስለ ብርብራ ስጠይቅ «እሱ ሌላ አጀንዳ ነው» ተባልኩ።

ባዮሎጂ መምህርቷ፦
በዚህ ላይ ትክክል ነህ፤ ብርብራውን ያልነካ ሕግ ግማሽ ሕግ ነው። ግን መረቡንም እናውራበት። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎቹ ነገደ ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ሲያሰግሩ ስንት ዘመን ዓሣው አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ ሲገባ አስጋሪው ሐይቁን ተሻግሮ ወንዝ አፍ መድረስ ቻለ። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ክትትል በወንዝ የሚራቡት ባርበሶች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሱ፤ ገና ያልደረሱት ትንንሾች ደግሞ ወደ 90 በመቶ። ተመራማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት የሰጡት ለመራባት የተሰበሰበውን ዓሣ ለሚያፍሰው መረብ ነው። እምቦጭ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ስለሆነ ለዚህ እሱን መክሰስ አንችልም። አሁን ደግሞ ዋጋው የረከሰ፣ ሞኖፊላመንት የሚሉት ባለ ነጠላ ክር የፕላስቲክ መረብ መጥቷል፤ ሲቀደድ ሐይቁ ውስጥ ጥለውት ይሄዳሉ፣ እሱም ባለቤት ሳይኖረው ይገድላል።

ቆሮሶ ቶሎ ይራባል፣ ተጎድቶም ይመለሳል። ባርበስ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። አንተ ታንኳህ ላይ የረገጥከው ቢጫ እንቁላል ያንን ሁሉ ዓመት ጠብቆ የመጣ ነው።

ታንኳው፦
አውቀዋለሁ እህቴ። ስረግጠውም ደስ አይለኝም።

ጫሞ ዳር፦
አዋጅ ግን አለ አይደል? የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። ሃያ ዓመት አልፎታል። እኛም ጋ ወረቀቱ አለ፣ ናይል ፐርቹ ግን ተመናምኗል።

ዮኒ ባሕር ዳር፦
እኔ የጀመርኩት ክርክር «ነብር ነው» ብዬ ነበር፤ አሁን በዓመት አራት ወር ጅብ የሚሆን ነብር ሰጣችሁኝ። ይሁን። ግን እንደኔ ሐይቁን ሙሉ መዝጋት አሁንም ስሕተት ነው። በበጋ ተበትኖ ስለሚኖር ያን ጊዜ መረብ ያን ያህል አይጎዳውም፤ ቅድም ታንኳው «ሁለት ሦስት» ብሎ ራሱ መሰከረ። መዘጋት ያለበት የሚሰበሰብበት ቦታ በሚሰበሰብበት ሳምንት ብቻ ነው። ሐይቁ መሐል ለቆሮሶ ክፍት ይሁን፣ እትዬም ደንበኛ አይመልሱ።

የዓሣ ቤቷ፦
ልጄ ተባረክ፣ አንተ ስትመጣ ጉላሽ በእኔ ነው።

ባዮሎጂ መምህርቷ፦
ሳምንቱን ብቻ ካልክ ግን ተጠንቀቅ። ዓይነቶቹ ሁሉ በአንድ ቀን አይመጡም፤ አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላው ዘግይቶ ይከተላል። ለአንዱ ሁለት ሳምንት ዘግተህ ብትከፍት በተከፈተው ቀን የሚደርሰው ሌላኛው ነው የሚያልቀው። ነሐሴና መስከረምን ሙሉውን፣ አፉንም ጠጠሩንም፣ ብርብራውንም ጨምሮ ከተባለ እኔ እፈርማለሁ።

ዮኒ ባሕር ዳር፦
ታንኳው፣ አንተስ? ዛሬ ደጋው ሲዘንብ ውሏል፣ እዚህ ድረስ ይጉረመረማል። ነገ ጠዋት መረብህን ከአፉ ታነሣለህ?

ታንኳው፦
እኔ ብቻዬን ካነሣሁ ማታውኑ ቦታዬን የሚይዝ አለ፤ ስሙንም አውቀዋለሁ፣ የክርስትና ልጄ አባት ነው። ከአፉ እስከ ድልድዩ ያለነው አሥራ ሰባት መረቦች ነን። በአንድ ሌሊት ሁላችንም እናንሣ ከተባለ መጀመሪያ የማነሣው እኔ ነኝ። እሱን የሚጠራ ሰው ግን እስካሁን አልመጣም።